የእትዬ ትጓደድ ጥርስ

በአንድ ወቅት፣ ከደሴ የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቃ በምትገኝ አንዲት የገበያ ከተማ፣ አንድ ጥርስ ሦስት የእናት ልጆችን አጨቃጨቀ። ጥርሱ የእናታቸው ነበር። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተፈረደም፤ እኔም አልፈርድም። አንድ የታከመ መንጋጋ ስላለኝ ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ምላሴ እሱን ከመዳበስ አርፎ አያውቅም፤ እንዲህ የፈራ ሰው ደግሞ ዳኛ አይሆንም። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተ ተከራከሩበት።

እናትየዋ እትዬ ትጓደድ ትባላለች። የከተማዋ ሙሾ አውራጅ ናት። እዚያ አገር ሰው ሲሞት ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት «ትጓደድ ሰምታለች?» ይባላል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ መሃል ቆማ ስትጀምር፣ ለወጉ ብቻ የመጣውም ሁሉ የራሱን ሟች እያስታወሰ ያነባል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እትዬ ትጓደድ ግን አንጀት ላልነበራቸው ሰዎች ሳይቀር አንጀት ታበቅልላቸው ነበር።

ሌሎች አልቃሾች ዜማው ሲያይልባቸው ቃሉን ይውጡታል። እሷ አትውጥም። ለአንድ እንግዳ ተቀባይ ሽማግሌ ያወረደችውን ዛሬም ሰው በቃሉ ይዞታል፦

«ሰፊ ነበር ቤቱ፣ ሰው የሚያድርበት፣
ሲሰናበት ጌታው፣ ሰበሰበው ጥበት።»

እስቲ የፊት ጥርሳችሁን በምላሳችሁ ከልላችሁ በሉት። ነፋስ ይገባበታል። ነፋስ የገባበት ሙሾ ሰው ያስቃል፤ ለቅሶ ቤት አንዴ የተሳቀባት አልቃሽ ደግሞ ሁለተኛ አትጠራም። እትዬ ትጓደድ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ አፏ ነው፤ ሌላ ሙያም አልነበራትም።

ድዷ የተነቀሰ ነው። በልጅነቷ አክስቷ በእሾህና በጥላሸት ጠቅጥቃ አጥቁራዋለች፤ ስትስቅ ነጭ ጥርሷ ከጥቁሩ ድድ ላይ ያበራል። አክስቷ በዚያው ቀን «የተነቀሰ ድድ አይታመምም» ብላታለች። እትዬ ትጓደድም ይህን እስከ ስድሳ ዓመቷ አምናው ኖረች።

መከራው የጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። አንድ ቀብር ላይ ሕዝቡ ሲገፋፋ የአንድ ሰው የጃንጥላ እጀታ አፏን መታት። የፊት ጥርሷ አልወደቀም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ጠቆረ፣ ከሥሩ አበጠ፣ መግል ቋጠረ። የጎረቤቱ ሁሉ ምክር አንድ ነበር፤ ይነቀል። የሰፈሩ ወጌሻም ጉጠቱን በአረቄ አጥቦ ቀን ቀጠረላት።

የበኩር ልጇ መኳንንት ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የተቀጠረ አዲስ ሐኪም ነበር። እህቱ ደውላ «እማዬ ነገ ጥርሷን ልትነቀል ነው» ስትለው የማለዳውን አውቶቡስ ያዘ። ወጌሻው ግቢ ሲደርስ እናቱ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ጉጠቱ ከንፈሯን አልፎ ነበር።

«እጅህን አንሣ!» አለ መኳንንት በሩ ላይ ቆሞ።

«ሞቷል እኮ ልጄ» አለ ወጌሻው። «የሞተ ጥርስ ምን ይሠራላታል?»

«የሞተው ውስጡ ነው። ሥሩ ካለ ጥርሱ አለ።»

አራት ጊዜ ደሴ አመላለሳት። በጥርሱ ጀርባ ቀዳዳ ከፍቶ የሞተውን ነርቭ አወጣ፣ ሥሩን እስከ ጫፉ አጥቦ ሞላው፣ ደፈነው። እብጠቱ ጠፋ፣ መግሉ ደረቀ። «ከእንግዲህ ይህ ጥርስ አያምሽም» አላት። እውነቱን ነበር፤ ነርቭ የሌለው ጥርስ ምን ብሎ ያማል? በኋላ ነገሩን ያበላሸውም ይኸው አለማመሙ ነው።

ነርቩ የወጣለት ጥርስ ደግሞ እንደ ደረቀ እንጨት ተሰባሪ ነው። ዓመት ሳይሞላው አንድ ጠርዙ ተፈረፈረ። ሁለተኛው ልጇ አንተነህ አዲስ አበባ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ባለሙያ ነው። «ሽፋን ካልሠራህለት ለሁለት ይሰነጠቃል» ብሎ ወንድሙ ሲነግረው እናቱን አስመጣት። ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ብርሃን የቀሩትን ጥርሶቿን ቀለም እያስተያየ ሲመርጥ አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀ። ሽፋኑን ሠርቶ ለሙከራ አጠለቀላትና፦

«እማዬ፣ ሙሾ አውርጂ» አላት።

«እዚህ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ቃሉ ሲወጣ ልስማው።»

አወረደች። ነፋስ ነበረው። አውልቆ ሞረደው፣ ሞርዶም አልሆነለትም፣ እንደገና ሠራው። ሁለተኛውም አፏጨ። በሦስተኛው እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ወጣ፤ አንተነህ ቀና ሲል አብረውት የሚሠሩት ሰዎች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። መኳንንት ከደሴ መጥቶ ሽፋኑን አጣበቀው። የጠቆረው ሥር ስትስቅ እንዳያሳፍራት አንተነህ የሽፋኑን ጠርዝ ወደ ላይ አስረዝሞ ድዷ ሥር ሸሽጎት ነበር። በሥራው ሁሉ ከዚህች ረቂቅ ነገር የበለጠ ያኮራው የለም።

ሲሸኛት «ጠንካራ ነገር አታስነኪው» አላት። አጥንትና ቆሎ ማለቱ ነው። እትዬ ትጓደድ ግን አውቶቡስ ውስጥ ነገሩን ስታሰላስል መፋቂያንም ጨመረችበት። «መፋቂያ እንጨት ነው፣ እንጨትም ጠንካራ ነው፣ ልጄም ነግሮኛል» አለች በልቧ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሶቿን ሁሉ እየፋቀች ያንን አንዱን ትዘለው ጀመር። እንደ ታቦት አከበረችው ማለት ነው፤ ሰባት ዓመት መፋቂያ ሳይነካው ኖረ።

ሦስተኛዋ ልጅ እናኑ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትታ ገበያው መግቢያ ላይ መፋቂያ ትሸጣለች፤ የወይራ፣ የክትክታ፣ የልምጭ። ሰው ከእሷ ገዝቶ እዚያው ቆሞ እየፋቀ ስለሚያወራት የከተማውን ድድ ሁሉ ታውቀዋለች። ማን እንደሚደማ፣ የማን አፍ እንደሚሸት፣ የማን ጥርስ ከዓምና ዘንድሮ እንደረዘመ ብትጠየቅ አታጣም።

ወንድሞቿ በየፋሲካው ይመጣሉ። መኳንንት የእናቱን ከንፈር ገለጥ ያደርግና ጥርሱን በጥፍሩ ያንኳኳዋል።

«አመመሽ?»

«ኧረ ምንም።»

«ሥሩ ደህና ነው።»

ቀጥሎ አንተነህ ሽፋኑን በአውራ ጣቱ ይገፋዋል። «ንቅንቅ አላለም» ይላል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ወደ ማዕዱ ይቀርባሉ። ጥቁሩን ድድ ግን አንዳቸውም ልብ ብለው አላዩትም። ድዷ እነሱ ሳይወለዱ ጀምሮ ጥቁር ነበር፤ ምኑን ያዩታል?

ታዲያ አንድ ቀን፣ የአንድ አስተማሪ ለቅሶ ላይ፣ እትዬ ትጓደድ መሃል ድንኳን ቆማ «ሰፊ ነበር ቤቱ» ስትል ጥርሱ ተነቃነቀ። ፀጥ አለች። ሰው የሚቀጥለውን ቃል ይጠብቃል፤ እሷ በምላሷ ጥርሱን ገፋችው፤ ሄደ፤ ተመለሰ። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቁጭ አለች። «ሐዘኑ በርትቶባት ነው» ብለው ውኃ ረጩባት።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ፍርሃት መናገር ከባድ ነው፤ እኔን ራሴን ያስጨንቀኛል። ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ ምላሷ ወደ ጥርሱ ይሄዳል። አለ። በምሳ ሰዓት እንጀራውን በመንጋጋዋ በኩል አስገብታ ቀስ ብላ ታላምጣለች። አለ። ስታስነጥስ አፏን በሁለት እጇ ትይዛለች። ሁለት ለቅሶ ተጠርታ «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ቀረች። በሁለተኛው ለቅሶ ከሌላ ቀበሌ አልቃሽ አስመጡ። እትዬ ትጓደድ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ እናኑ ያን ቀን ለወንድሞቿ ደወለች።

ደሴ ክሊኒኩ ውስጥ ተገናኙ። መኳንንት ራጅ አነሣና ፊልሙን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው። የሥሩ ሙሌት ከስምንት ዓመት በፊት እንደተወው እስከ ጫፉ ነው።

«የእኔ ሥራ ደህና ነው» አለ።

አንተነህ ሽፋኑን በመነጽር ዞሮ አየው፣ ነካካው። «የእኔም ደህና ነው። አልለቀቀም፣ አልተሰነጠቀም።»

«ታዲያ ምን ነቀነቀው?»

«ሥሩን የምታውቀው አንተ ነህ።»

«ሽፋኑ ከብዶት ቢሆንስ?»

እናትየዋ አፏን ከፍታ ወንበሩ ላይ ተጋድማ ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። እናኑ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ ድዷን አይተኸዋል?» አለች መኳንንትን፤ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራው እንዲህ ነው።

«ድዷማ ንቅሳት ነው።»

«እሱን ነው የምለው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ደም መች ይታያል?»

ጠጋ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችና ከጥርሱ በላይ ያለውን ድድ ቀስ ብላ ጫን አለችው። ጣቷን ስታነሣ ነጩ ነጠላ ላይ ደም፣ ከደሙ ጋር መግል ነበር። መኳንንት ባለምልክቷን ቀጭን መለኪያ አንሥቶ በድዱና በጥርሱ መካከል ሰደዳት፤ ሦስተኛው ምልክት ላይ መቆም ሲገባት እስከ ሰባተኛው ሰመጠች። ወደ ራጁ ተመለሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ሥሩን ሲያይ፣ ሥሩን ዙሪያውን አቅፎ የያዘው አጥንት ወደ ላይ እየሸሸ እንደሄደ አላየም ነበር።

«ቤቱ ደህና ነው» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «የቆመበት መሬት ነው የተሸረሸረው።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ አንተነህ።

እናኑ መሬት መሬት አየች። «መድማቷን ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል። ዳቦ ስትነክስ ቀይ ይቀራል። ያንን ጥርስ እንደማትፍቀውም አውቃለሁ።»

«ዓመት! ዓመት ሙሉ ዝም አልሽ?»

«እማዬ ‹ወንድሞችሽን አታስጨንቂብኝ› አለችኝ። ደግሞስ አንተ ሐኪም፣ እሱ ባለሙያ፤ እንጨት ሻጭ ስለ ጥርስ ምን ብላ ታወራለች?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም የተባለለት ድድ ግን እንዲህ ሆኖ ተገኘ።

መኳንንት ቁርጡን ተናገረ። አጥንቱ የቀረው ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ድዱ ከዳነ ጥርሱን መልሶ ሊጨብጠው ይችላል፤ ካልዳነ ግን በሦስት ወር ውስጥ ራሱ መኳንንት ይነቅለዋል፤ አለበለዚያ መግሉ ከጎኑ ያሉትንም ይዟቸው ይሄዳል። እትዬ ትጓደድ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። የሰው ለቅሶ የምታውቅ ሴት ለራሷ ጊዜ እንባው አልመጣ አላት። «ሦስት ወር» ብቻ አለች።

በዚያው ሰሞን ሦስቱም የየራሳቸውን አደረጉ።

መኳንንት ከድዱ ሥር ሥሩን ተከትሎ የጋገረውን ቆሻሻ በሁለት ቀን ጠርጎ አወጣ። ሲጨርስ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እናቱን «ይቅር በይኝ፤ በየፋሲካው አንኳኳሁ እንጂ አላየሁሽም» አላት። አንተነህ ደግሞ ያቺን የሚኮራባትን ጠርዝ በመነጽር ሲያያት ምግብ የሚሸጎጥባት ጉድጓድ ሆና አገኛት። ሽፋኑ እንዲወልቅ አደረገና፣ ጠርዙ ከድዱ ውጪ የሚያርፍ ሌላ ሠራ። አዲሱ ሽፋን የጠቆረውን ሥር ስለማይሸፍን ስትስቅ አንዲት ጥቁር መስመር ትታያለች። «አስጠላሁሽ እማዬ» አለ። «ድዴም ጥቁር ነው፤ ማን ይለየዋል?» አለችው።

እናኑ መፋቂያዋን አመጣች። ልምጩን ውኃ ውስጥ አሳድራ፣ ጫፉን ቀጥቅጣ እንደ ለስላሳ ብሩሽ አደረገችው። ጠዋትና ማታ እናቷን መስኮት አጠገብ እያስቀመጠች፣ ሰባት ዓመት መፋቂያ ያልነካውን ጥርስና የድዱን ጠርዝ በትንሽ በትንሹ ትጠርጋለች፤ በጎንና በጎኑ ክር ታሳልፋለች፤ ለብ ባለ የጨው ውኃ ታጉመጠምጣታለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ደሙ ባሰ። እትዬ ትጓደድ ትተፋና ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ያለውን ታያለች።

«ልትጥይብኝ ነው! ተይው!»

«አልተውም እማዬ።»

«ወንድምሽ ሦስት ወር ያለውን አንቺ በሦስት ቀን ልትጨርሽው ነው!»

«ስለማይነካ ነው የሚደማው። ገበያ ላይ ስንቱን አይቻለሁ። ክፈቺ።»

እናኑ ይህን ስትል እርግጠኛ ትመስላለች እንጂ አልነበረችም። ለጎረቤት ሴት እንደነገረችው፣ እያንዳንዱን ጠዋት መፋቂያውን ስታነሣ «ዛሬ በእጄ ላይ ይወድቃል» እያለች ነበር። ብትተወው ይወድቃል፤ ብትነካው ደግሞ እሷ ጣለችው ይባላል። እጇ ግን አልቆመም። የገበያውን ቦታ ለሌላ ሰው ትታ ለሦስት ወር እቤት ዋለች።

በዚያ በክፉው ሳምንት ነው እትዬ ትጓደድ የማለችው። የንስሐ አባቷ መምሬ ላቀው ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ከሣጥኗ ውስጥ ድሪዋን አወጣች፤ ከእናቷ፣ ለእናቷም ከእናቷ የወረደ የብር የአንገት ድሪ ነው። በዚያ ቤት ወግ ድሪ ተበጥሶ አይከፋፈልም፤ ለአንድ ልጅ ይሰጣል፤ የተቀበለውም የቤቱ ስም ጠባቂ ይባላል። ድሪውን በመስቀላቸው ላይ አስደግፋ «ይህ ጥርስ ከቆመ፣ ላቆመልኝ አንድ ልጄ ይሆናል፤ ለሌላ ብሰጥ ማርያም ትፍረድብኝ» አለች። መምሬ ላቀው «ልጄ፣ በማርያም አትማይ» ሊሉ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ነገሩ አልቆ ነበር። ፍርሃት ያስማለው ሰው ቃሉን አይመርጥም።

በሁለተኛው ሳምንት ደሙ ቀነሰ። በአራተኛው ቀረ። ያበጠው ድድ ሟሸሸና ጥርሱን ገጥሞ ያዘ፤ ጥቁረቱ እንዳለ ሆኖ አብረቅራቂ ውጥርነቱ ጠፋ። ያም ሆኖ እትዬ ትጓደድ አላመነችም። ምላሷ ይሄዳል፣ ይገፋል፣ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን የጸና ይመስላታል፣ አንዳንድ ቀን ከትናንቱ የባሰ። ሦስተኛው ወር ሲሞላ ሁሉም ደሴ ሄዱ። መኳንንት ሁለት መሣሪያ አንሥቶ ጥርሱን ከፊትና ከኋላ በጀርባቸው ያዘው። ገፋው። ሳበው። እንደገና ገፋው። አንተነህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር፤ እናኑ የእናቷን እግር ይዛለች።

«ቆሟል» አለ መኳንንት።

ከዚያ በኋላ የተለቀሰውን ለቅሶ ክሊኒኩ የሚረሳው አይመስለኝም። እትዬ ትጓደድ በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ጎረቤቷ ሞተው ድንኳን ገባች፤ ቃሏ አንድም ሳይፈስባት እስከ መቃብር ድረስ ተሰማ። ሰው አለቀሰ። እሷ በደስታ ነው የምታለቅሰው፤ ይህን ማንም አላወቀባትም።

ከሰልስቱ በኋላ መምሬ ላቀው መጡ። «ልጄ፣ መሐላሽ አለ» አሏት። ሦስቱ ልጆች ፊቷ ተቀመጡ፤ ድሪው ጭኗ ላይ ነው።

መኳንንት ጀመረ። «እማዬ፣ እኔ ድሪ ፈልጌ አይደለም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ያን ቀን አንድ አውቶቡስ ቢያመልጠኝ ጥርሱ ወጌሻው በረንዳ ላይ ቀርቶ ነበር። በሌለ ጥርስ ዙሪያ ድድ አይታከምም። ከድዱ ሥር ያለውን ቆሻሻስ ያወጣው ማን ነው? መፋቂያ እዚያ አይደርስም።»

«ሥሩን አዳንክ» አለ አንተነህ። «ባዶ ጥርስ ግን ያለ ሽፋን አንድ ክረምት አይከርምም ያልከኝ ራስህ ነህ። ሰባት ዓመት ያፏን ኃይል የተሸከመው የእኔ ሥራ ነው። ሙሾዋን የሰጣትም እሱ ነው፤ ሥር ብቻውን ቃል አያወጣም። ጠርዙ መበደሉን ሳውቅ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ የምኮራበትን ሥራ በገዛ እጄ አፍርሻለሁ።»

እናኑ ቆይታ ተናገረች። «ሥሩ ደህና ነበር። ሽፋኑም ደህና ነበር። ሁለታችሁም ደህና ነው እያላችሁ ጥርሱ ሊወድቅ ነበር።»

«ዓመት ሙሉ ያየሽውን ደብቀሽ!» አለ መኳንንት።

«እኔ ዓመት ደበቅሁ። አንተ ሰባት ፋሲካ ከንፈሯን ገልጠህ አላየህም።»

«አንቺ ብትናገሪ ኖሮ እኮ አጥንቱ ሁሉ ይተርፍ ነበር።»

«አዎ» አለች እናኑ። «ይተርፍ ነበር። እሱን አልክድም። ግን ጥርሱ ሊወድቅ ሲያሰጋ እጁን ያልሰበሰበ ማን ነው? ወንድምዓለም በሁለት ቀን ጠርጎ ሄደ፤ ወንድሜም ሽፋኑን ሠርቶ ሄደ። እኔ መቶ ሰማንያ ጊዜ ‹አሁን ወደቀ› እያልኩ ነካሁት።»

መምሬ ላቀውን አዩዋቸው። «እኔ የነፍስ ነገር ነው የማውቀው፤ ጥርስ አላውቅም» አሉና መስቀላቸውን ዳበሱ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰው። የእድሩ ሰብሳቢ ለመኳንንት ፈረዱ፤ መሠረት የጣለ ባለቤት ነው ይላሉ። የልብስ ሰፊው የአንተነህ ወገን ነው፤ ስህተቱን አምኖ ያፈረሰ ሰው ከዚህ ከተማ አይቶ አያውቅምና። ገበያተኞቹ ሴቶች ግን አንድ ሳይቀሩ የእናኑ ናቸው። አንዲት ሴት ደግሞ «የራሷ የእትዬ ትጓደድ ነው፤ ደሟን እያየች አፏን የከፈተችው እሷ አይደለችም?» ብትል መሐላው ለልጅ ነው ተብላ ተመለሰች። እኔ ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው ስፈርድ ነው የምውለው።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። መኳንንት «ቆሟል» ባለ ቀን ሲሸኛት እንዲህ ብሏት ነበር፦ «እማዬ፣ ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። በየስድስት ወሩ እኔ ላየው፣ ሽፋኑን አንተነህ ሊከታተለው፣ እናኑም በየቀኑ ልትይዘው ግድ ነው። አንዳችን ብንተወው ይመለሳል።» እትዬ ትጓደድ ይህን ታውቃለች። ድሪውን ለአንዱ ስትሰጥ የሌሎቹ ሁለት ፊት እንዴት እንደሚሆን አስባዋለች፤ ያዘነ እጅ ቀስ እያለ እንደሚቀርም ታውቃለች፤ ስንት ቤት እንዲህ ሲፈርስ ሙሾ አውርዳለታለች። አልሰጥም እንዳትል ደግሞ በማርያም ምላለች።

እስካሁን ድሪው ጭኗ ላይ ነው። ልጆቿ በተሰበሰቡ ቁጥር ፊቷ ይቀመጣሉ፤ የሁሉም ዓይን እጇ ላይ ነው፤ ምላሷ ከጥርሱ ጀርባ አላረፈም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ጥርሱን ያቆመላት የትኛው ልጇ ነው? ድሪውስ በማን አንገት ይግባ?